ሰማያዊ አበባ፣ ጥቁር አፈር

ፎገራ ሜዳ ላይ ሰማያዊ ሃይድራንጃ ማቆየት ከባድ ነው። ተክሉ አይጸድቅም ማለቴ አይደለም፤ ጥላ ካገኘ ይጸድቃል። ውሃ ወዳድ ቁጥቋጦ ነው፣ ፎገራ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ በዝቶባት የምትቸገር አገር ናት። ጣጣው ቀለሙ ላይ ነው። ከችግኝ መሸጫ ሰማያዊ ሆኖ የተገዛ ሃይድራንጃ ወረታ ጓሮ ውስጥ ሲተከል ጊዜ ቆይቶ ሐምራዊ ነገር ይሆናል፣ ከዚያም ወደ ሮዝ ያዘነብላል። ገዢው "አታለሉኝ" ይላል። ማንም አላታለለውም። የቀየረው አፈሩ ነው።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። ያው አንድ ኮድ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት ሲመልስ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኮዱን ሳይሆን የሚገባለትን ዳታ ነው። ሃይድራንጃም እንደዚያ ነው። ሰማያዊውም ሮዙም አንድ ተክል ነው፤ በውስጡ ያለው ቀለም ሰጪ ኬሚካልም አንድ ነው። የሚለየው ከሥር የሚገባው ነገር ነው። ይህን በትክክል ለማወቅ ግን አውሮፓውያን ተክሉን ካገኙት በኋላ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። እኔን የገረመኝ ደግሞ መልሱ ሲገኝ ከአበባ ይልቅ ስለ ገብስ፣ ስለ ጉና ተራራና ስለ ፎገራ ሩዝ የሚነግረን መብዛቱ ነው።

የሚቀያየረው ሃይድራንጃ አገሩ ጃፓን ነው። ጃፓኖች "አጂሳይ" ይሉታል፤ በዝናባቸው ወራት ስለሚያብብ ከዝናብ ጋር አያይዘው ነው የሚያስቡት። ስዊድናዊው ቱንበርግ ስለ ጃፓን እጽዋት በጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1784 መዘገበው፣ ግን የሌላ ተክል ወገን መስሎት በተሳሳተ ስም ነው። በ1780ዎቹ መጨረሻ ላይ ጆሴፍ ባንክስ ከቻይና አስመጥቶ ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የእጽዋት ማዕከል አስገባው። ከዚያ በኋላ አውሮፓ ውስጥ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልለፈው ያልቻልኩት ሰው ዚቦልድ ነው። ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1823 ለደች ነጋዴዎች ተቀጥሮ ናጋሳኪ ገባ። ጃፓን ያኔ ለውጭ ሰው ዝግ ነበረች፤ ነጋዴዎቹም ደጂማ በምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ታጥረው ነበር የሚኖሩት። እዚያ ኩሱሞቶ ታኪ ከምትባል ሴት ጋር ኖረ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። በኋላ የጃፓን ካርታ ይዞ በመገኘቱ ተከስሶ በ1829 ከአገር ተባረረ። እናትና ልጅ እዚያው ቀሩ። አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ስለ ጃፓን እጽዋት ባሳተመው ሥራ ላይ አንዱን ሃይድራንጃ "ኦታክሳ" ብሎ ሰየመው። የአገሩ ሰዎች እንደዚያ ይሉታል ብሎ ነበር። የጃፓኑ የእጽዋት ሊቅ ማኪኖ ግን ነገሩን ሲያጣራ እንደዚህ ያለ የአበባ ስም የለም፤ "ኦታኪ ሳን" ማለትም "ወይዘሮ ታኪ" ነው አለ፣ ተናደደም። ለሳይንስ ስም አሰጣጥ ጨዋነት የጎደለው መስሎ ታየው። ልጅቱ ኢኔ ግን አድጋ በጃፓን የምዕራባውያንን ሕክምና ከተማሩ የመጀመሪያ ሴቶች አንዷ ሆነች። ዛሬ የናጋሳኪ ከተማ አበባ ሃይድራንጃ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እንቆቅልሹ የሚጀምረው። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው አጂሳይ ሰማያዊ ነው። ያው ተክል አውሮፓ ሲደርስ፣ በተለይ የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር፣ ሮዝ ሆነ። አንዳንዱ አትክልተኛ ሲሳካለት ሰማያዊ ያወጣል፣ ጎረቤቱ ያልተሳካለት ይቀናል። በየጊዜው መላ ይፈልጉ ነበር። የዛገ ሚስማር ሥሩ ላይ የሚቀብር ነበር፤ ብረት ነው ብለው ስላሰቡ። ሸብ በውሃ አሟሙቶ የሚያጠጣም ነበር። አዎ፣ ያው ገበያ የሚሸጠው፣ ቆዳ የሚያለፉበት ሸብ። ሸቡ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ሙያ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል፤ የሆነ መስመር ስትጨምር ይሠራል፣ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይነካውም።

ለመልሱ መጀመሪያ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሶረንሰን ፒኤች የሚባለውን መለኪያ አወጣ። 7 መሃል ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ የአሲድ ተቃራኒ። ልብ በሉ፣ መለኪያው ሎጋሪዝም ነው፤ ፒኤች 5 የሆነ አፈር ፒኤች 6 ከሆነው አሲዱ በአሥር እጥፍ ይበልጣል። በቁጥር ሲያዩት "አንድ ብቻ" ይመስላል፤ ለሥር ግን ሌላ ዓለም ነው።

በመለኪያው ሲታይ አሲዳማ አፈር ሰማያዊ፣ አሲድ የሌለው አፈር ሮዝ እንደሚሰጥ ግልጽ ሆነ። በግምት ከ5.5 በታች ሰማያዊ፣ ከ6.5 በላይ ሮዝ፣ መሃሉ ሐምራዊና ዝብርቅርቅ። ታዲያ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይገናኝም። ትምህርት ቤት ውስጥ ሊትመስ ወረቀት አሲድ ውስጥ ስንነክር ቀይ ነበር የሚሆነው፤ ይኼ ግን በአሲድ አፈር ሰማያዊ ሆነ፣ ተገላቢጦሽ። አሲዱ ራሱ ቀለሙን እየቀየረ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ። እ.ኤ.አ. በ1943 አለን የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ በሚገኘው ቦይስ ቶምሰን ተቋም ባወጣው ጥናት ወሳኙ አሉሚኒየም መሆኑን አሳየ። አሉሚኒየም ከመሬት ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረት ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ክብደቱን ብናይ 8 በመቶ ገደማ። የትም አፈር ውስጥ አለ፣ ግን ከሸክላው ጋር ተቆልፎ ነው ያለው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ቁልፉ ይከፈትና በውሃ ይሟሟል፤ ሃይድራንጃው በሥሩ ይመጥጠዋል፣ እስከ አበባው ድረስ ያወጣዋል። እዚያ አሉሚኒየሙ ዴልፊኒዲን ከሚባለው ቀለም ጋርና ከቡና አሲድ ጋር ዘመድ ከሆነ ሌላ ኬሚካል ጋር ሦስት ሆነው ሲያያዙ ሰማያዊ ይታያል። አሉሚኒየሙ ከሌለ ያው ቀለም ብቻውን ሮዝ ነው። ነጭ ዝርያዎቹ ቀለሙ ስለሌላቸው ምንም ብታጠጧቸው ነጭ ናቸው።

በነገራችን ላይ እኛ አበባ የምንለው ያ ባለ ቀለም ክፍል አብዛኛው እውነተኛ አበባ አይደለም፤ እምቡጥ የሚያቅፉት የውጭ ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛዋ አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ ነች። ብዙ ሳምንት ሳይረግፍ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ያ ሰማያዊ የሚያምረው ጓሮ ውስጥ ሲሆን ነው። የሟሟ አሉሚኒየም ለገብስ፣ ለስንዴ፣ ለባቄላ ሥር መርዝ ነው። ሃይድራንጃና ሻይ ቅጠል ይችሉታል፤ እንዲያውም ያከማቹታል። የገብስ ሥር ግን ጫፉ ይደነዝዛል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል። አጭር ሥር ደግሞ ውሃም ምግብም አያገኝም። በዚያ ላይ አሉሚኒየሙ ፎስፈረስን ይዞ ይቆልፋል፤ ገበሬው በብድር ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ እያለ ለሰብሉ የለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው እየተባለ ይጠቀሳል። ብዙ ዝናብ ያለበት የምዕራቡ ደጋ ዋነኛው ነው፤ አዊ፣ ምዕራብ ጎጃም፣ ወለጋ።

አዊ ውስጥ ባንጃንና ፋግታ ለኮማን ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ገብስና ስንዴ እምቢ ያለበት መሬት ላይ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር ተክሎ በጥቂት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል። እንጅባራ መንገድ ዳር የሚታየው የከሰል ኬሻ ክምር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ግብጦም እዚያ የሚወደደው ለአረቄ ማጣጫነቱ ብቻ አይደለም፤ ሌላው የሚሸሸውን አፈር ስለሚችል ነው። የአገራችን ካርታ ላይ ሃይድራንጃ ብንተክልበት ሰማያዊ የሚሆነው ቦታ ገብሱ የሚያለቅስበት ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ሰማያዊውን እንደ ድሮ ማየት አልቻልኩም።

ታዲያ ፎገራ ለምን ሮዝ ሆነች? ከባሕር ዳር በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ዝናቧም ትንሽ አይደለም። መልሱ ከበላይዋ ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ሲወጣ ደብረ ታቦር ነው፤ ከእሱ ጀርባ ጉና ተራራ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከዚያ ተራራ አካባቢ ተነስተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ዝናብ ላይኛውን አገር ሲመታ ከአፈሩ ውስጥ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ አሲድን የሚያረግበውን ሁሉ እያጠበ ይወስዳል። ላይኛው መሬት ቀይና አሲዳማ ሆኖ ይቀራል። ፋርጣ ዛሬ የአፈር አሲድ ከሚነሳባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። የታጠበው ደግሞ የትም አልጠፋም፤ ከደለሉ ጋር ወርዶ ሜዳው ላይ ተኛ። የፎገራ ዋልካ በብዙ ሺህ ክረምት የተጠራቀመ የፋርጣ ንብረት ነው። ፒኤቹ ብዙ ቦታ 6 አካባቢ ነው፤ ለሰብል ደስ የሚል፣ ለሰማያዊ አበባ ግን የማይበቃ። ስለዚህ ያው አንድ ቁጥቋጦ ደብረ ታቦር ቢተከል ወደ ሰማያዊ፣ ወረታ ቢተከል ወደ ሮዝ የሚሄደው ከላይ የጠፋውና ከታች የተጠራቀመው አንድ ነገር ስለሆነ ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት ተኝቶበት ግን ፎገራ ለረጅም ዘመን የእህል አገር አልነበረችም፣ ቢያንስ ሜዳው መሃል። ዋልካ አስቸጋሪ አፈር ነው። በጋ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይያዛል፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ደግሞ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የመጣው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ስለዚህ ሜዳው የከብት ነበር። የፎገራ ላም የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ረግረጉን የለመደ፣ ወተቱ የሚወደስ ከብት። ውሃው ሲሸሽ የሚዘራው ጓያ ነበር፣ እሱም እጥረት ሲመጣ ብቻውን አብዝተው ሲበሉት እግር የሚያሽመደምድ።

በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች መጡና ውሃውን እንደ ጠላት ከማየት ይልቅ ሩዝ እንዝራበት አሉ። ሙከራው የተጀመረው ጅግናና ሻጋ በሚባሉት የገበሬ ማኅበራት ነው። እስካሁን ገበሬው የማይለቃት ዝርያ "ኤክስ ጅግና" የምትባለው በዚያ ቀበሌ ስም ነው። ያኔ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ባለሙያዎቹም ሄዱ፤ ሩዟ ግን ቀረች። ማን አስቦት ነበር? ቀስ በቀስ ከገበሬ ወደ ገበሬ ዞረች፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅላ እንጀራ ሆነች፣ ጠላና አረቄም ወጣላት። ዛሬ ወረታ ዳር የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ገበሬው ሩዙን ነጭ ወርቅ ይለዋል። የሚገርመው ደግሞ የሩዝ ማሳ ውሃ ሲሞላበት አፈሩ አየር ያጣና አሲዳማውም ተቃራኒውም ወደ 7 ይጠጋል። ሩዝ የተዘራበት ውሃ ራሱ የአፈሩን አሲድ ያለሰልሳል። ሃይድራንጃ እዚያ መሃል ቢተከል መጀመሪያ ሥሩ ይበሰብሳል እንጂ ቀለሙን ለማየት አይደርስም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እናቴ ታላቅ እህት ወረታ ናት፤ እታለም እንላታለን። ጓሮዋ ውስጥ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ ሁለት ማንጎ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ደግሞ ሃይድራንጃ አለ። የእሷ ከሮዝም አልፎ ደማቅ ነው። አመድ ነክቶት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። "ልጄ፣ በዚህ ጓሮ አመድ ያልነካው ምን አለ?" አለች። ልክ ናት። የምድጃ አመድ ካልሲየም አለበት፤ ውጤቱ እንደ ኖራ ነው። አሲድ ባጠቃቸው ወረዳዎች እንኳ ቤት ዙሪያ ያለው መሬት ከሩቁ ማሳ የተሻለ የሚሆነው አንዱ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ ሴቶች በየቀኑ የሚደፉት አመድና ፍግ። ላቦራቶሪ ሳይኖር፣ ማንም ሳይመክር፣ ለዘመናት ሲካሄድ የኖረ የአፈር ሕክምና። ግን ደግሞ ኩበቱ ሲነድ፣ ገለባው ለከብት ሲሄድ፣ ሩቅ ማሳ ላይ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ጓሮው ይለማል፣ ማሳው ይጎዳል። የፋርጣና የፎገራ ታሪክ በአንድ ግቢ ውስጥ በትንሹ ማለት ነው።

ሰማያዊውን ካልተውኩም ለሚል ሰው መንገዱ ከመሬት መለየት ነው። የወረታን አፈር ልለውጥ ብሎ መታገል ከጣና ጋር መታገል ነው። ትልቅ ሳሎን የሚያህል ሳይሆን የዘይት ጀሪካን የሚያህል ዕቃ ይበቃል፤ ሥሩ ይበሳ። ከደብረ ታቦር ወይም ከጎጃም በኩል ቀይ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ጥቂት አሸዋ። አመድ ፈጽሞ አይጠጋው። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያም እንደዚያው፤ አሉሚኒየሙን ስለሚቆልፈው። አሉሚኒየም ሰልፌት ከተገኘ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ እምቡጡ ሳይቋጠር በፊት ጀምሮ እያሰለሱ፤ ከዚያ በላይ ሥሩን ያቃጥላል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ኖራ ስላለበት የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይሻላል። የወረታ የከሰዓት ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚያጠወልገው የጠዋት ፀሐይ የሚደርሰው ግድግዳ ይፈለግለት። ስትቆርጡት ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አብዛኛው ዝርያ የሚያብበው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ስለሆነ የመጪውን ዓመት አበባ ቆርጣችሁ እንዳትጥሉት።

ለአበባ እንዲህ ጣሳ ሙሉ አፈር መለወጥ ይቻላል። ለገብስ ማሳ ግን አይቻልም፤ መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ደጀን ላይ ይፈጫል። ችግሩ ብዛቱ ነው፤ ማዳበሪያ ለሄክታር ሁለት ኩንታል ሲባል የኖረ ገበሬ፣ ኖራ ሲመጣ በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ነው የሚባለው። ድንጋይ ነው፣ ከባድ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ የጭነት መኪናው ነው የሚያስወድደው። ከደጀን አባይ በረሃ አፋፍ ተጭኖ አዊ እስኪደርስ ድረስ የነዳጁ ሒሳብ ይበልጠዋል። ማዳበሪያው ራሱ፣ በተለይ ዩሪያና ዳፕ፣ ናይትሮጅኑ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይጨምራል፤ ስለዚህ ኖራ ሳይኖር ማዳበሪያ ብቻ ሲጨመር ዕዳው እየከበደ ይሄዳል። በየመንደሩ "መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ" ሲባል የምንሰማው አባባል ውስጥ የዚህ ኬሚስትሪ ድርሻ አለበት ባይ ነኝ።

ፎገራ ግን ኖራ ገዝታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ በየክረምቱ ጉና በነጻ ይልክላት ነበር። አሁን ርብ ላይ ግድብ አለ። ለመስኖ የተሠራ ነው፤ ጎርፉንም ያረግባል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውን ገበሬ በበጋ ይረዳል። ግድብ ግን ውሃ ብቻ አይዘም። ከላይ የሚወርደው ደለል መጀመሪያ የሚያርፈው ከግድቡ ጀርባ ነው። ጉማራ እስካሁን እንደ ድሮው ይወርዳል።